ከአርቭ ዳር ያነሳነው ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት ጄኔቭ አጠገብ ባለችው ቨርሷ፣ ሐይቁ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን ፀሐይ ሳስመታ፣ አንዲት አሮጊት በከዘራ እየተደገፈች መጥታ አጠገቤ አረፍ አለች። አሮጊት ስል ራሴን ረስቼ አይደለም፤ እኔም ሰባን አልፌያለሁ። እሷ ግን በአሥር ዓመት ሳትበልጠኝ አትቀርም። «ቦንዡር» አለችኝ፤ «ቦንዡር» አልኳት። እዚህ አገር ከዚህ አልፎ ወሬ የሚጀምር ሰው ወይ ብቸኛ ነው፣ ወይ ውሻ ይዟል። እሷ ውሻ አልያዘችም። ግን ግንባሬ ላይ ያለውን፣ እናቴ በልጅነቴ ያስነቀሰችኝን መስቀል ደጋግማ ታየው ጀመር። ልቆጣት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ማዳም» አለች በመጨረሻ። «እርስዎ ያኔ፣ በድንጋዩ ጉዳይ፣ ፍርድ ቤት ቀርበው የመሰከሩት ሴት አይደሉም?»

ደነገጥኩ። ስንት ዘመኑ! ቀና ብዬ ፊቷን ሳየው አላወቅኋትም። ዝቅ ብዬ ጭኗ ላይ ያኖረችውን ቦርሳና ቦርሳውን ጥፍንግ አድርገው የያዙትን ሁለት እጆች ሳይ ግን አወቅኋት። ከአሥራ ሁለቱ ፈራጆች አንዷ፣ በፊተኛው ረድፍ ከዳር የተቀመጠችው ነበረች። ያን ቀን የሰጠሁት መልስ ሆዴ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው ያረጀሁት። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

ያን ጊዜ ጄኔቭ የነበርን ሐበሾች ተጠራርተን አንድ አዳራሽ አንሞላም ነበር። አሁን እሑድ እሑድ ላንሲ ብትሄዱ በአማርኛ የማይዘመርበት ምድር ቤት የለም፤ ያኔ ግን መንገድ ላይ ጠይም ፊት ያየ ሰው መንገድ አቋርጦ ሰላም ይል ነበር። ትራሟም አንዲት ነበረች። ቡና በወተት አንድ ፍራንክ ከሰማንያ ሲሆን አስተናጋጁ ትንሽ ቸኮላት ደርቦ ያመጣል፤ ቸኮላቷን ለልጅ ብለን ቦርሳ ውስጥ እንከታለን፣ ልጅ የሌለንም እንከታለን። አገር ቤት ለመደወል የስልክ ሳጥን ውስጥ ገብተን የአምስት ፍራንክ ሳንቲም ስናጎርሰው «ሃሎ፣ ደህና ናችሁ? እኛ ደህና ነን፣ በረዶ ነው» ብለን ሳንጨርስ ይውጠዋል። ካሴት በሰው እጅ ይመጣል፤ አንዱ ከሌላው ሲቀዳ፣ ሲቀዳ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ቢሆንም ያንን ጉንፋናም ትዝታ እየሰማን አልቅሰናል። ሴቶቹ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት ኮት እንለብስ ነበር፤ ስፖንጁ ጆሯችን ድረስ ይመጣል። ወንዶቹ ሱሪያቸው ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ፤ አሁን ፎቶውን ሳየው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ያማረብን መስሎን ነበር፣ አምሮብንም ነበር።

እኔ ፕሌንፓሌ ሰፈር ካለ አንድ ልብስ ንጽሕና ቤት ልብስ ተኳሽ ነበርኩ። የግራንድ ሳኮኔ ሰፈር ዲፕሎማቶች ሸሚዝ በእኔ እጅ ያልፋል። እስከ ዛሬ የስታርችና የእንፋሎት ሽታ ሲሸተኝ ወጣትነቴ ይመጣል፤ ሌላው ሰው ወጣትነቱን በሽቶ ያስታውሳል፣ እኔ በካውያ። ከድር እዚያ ነው የመጣው። የወሎ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ፤ ሥራው ከማጠቢያው የወጣውን እርጥብ ጨርቅ በጋሪ እየገፋ ወደኔ ማምጣት ነበር። ፈረንሳይኛው ሁለት ቃል ነው፦ «መርሲ» እና «ፓርዶን»። ሰው ሲገጨው እሱ ፓርዶን ይላል፣ በር ሲዘጋበት ለበሩ ፓርዶን ይላል። ምሳችንን ከካውያው ጀርባ አብረን እንበላለን። ሲጾም እኔም ከፊቱ አልበላም፤ ስጾም እሱ ለቡናዬ የመጣውን ወተት ይደፋልኛል። ታናሽ ወንድም አልነበረኝም፤ እሱ ሆነልኝ።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ የመልስ ግብዣ ነው። እሑድ ከሰዓት፣ ላንሲ ውስጥ ከአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ በተከራየነው አዳራሽ። ከድር ቴፑ ላይ ተሹሟል። ግርማ የሚባል ሰው ነበረ፤ ደግ፣ ጨዋታ ወዳድ፣ ሲጠጣ ግን ዘፈን የሚያስቀይር። «ይሄንን አውጣና ያንን አድርግ!» ይላል፤ ከድር «ሙሽራዋ ያዘዘችው ነው ጋሼ!» ይላል። ተጯጯሁ። እኛ ዘንድ ይሄ ጨዋታ ነው፤ ሰው ካልጮኸ ግብዣው ቀዝቅዟል ይባላል። ታች በሩ ላይ ያለችው ኮንሲየርዥ፣ ሕንፃውን የምትጠብቀው ሴትዮ ግን ጠብ ብላ ሰማችው። ትንሽ ቆይቶ ግርማ ወደ ደረጃው ወጣ፣ ከድርም ተከተለው። ከዚያ የሰማነው ድብልቅልቅ ያለ ድምፅ ነው። ግርማ እስከ ታች ተንከባልሎ ጭንቅላቱ ተሰንጥቋል። ከድር ከላይ እጁን ዘርግቶ እንደቆመ ደርቋል። ኮንሲየርዧ ከታች ያየችው ያንን የተዘረጋ እጅ ነበር።

«አልገፋሁትም እትዬ አስካለ» አለኝ ከድር በነጋታው፣ ካውያው አጠገብ። «ሲወድቅ ልይዘው ነው እጄን የሰደድኩት። አላህ ምስክሬ ነው።»

አመንኩት። ፖሊስም የዚያን ሰሞን ጠይቆት ለቀቀው፤ ግርማ ራሱን አያውቅም፣ ነገሩ አልጠራም። ሽማግሌዎቻችን ግን ተሰበሰቡ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ውብሸት ነበሩ፤ አገር ቤት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ያገለገሉ፣ ክራቫት ሳያስሩ ቆሻሻ እንኳ ለመጣል የማይወጡ ሰው። «ማን ገፋ፣ ማን ወደቀ የሚለውን ፈረንጆቹ ይመርምሩት» አሉ። «የኛ ሥራ እርቅ ነው። ደም ፈሷል። የግርማ ሚስት ልብ ተሰብሯል። ልጁ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ።»

«ያላደረግሁትን ጋሼ?» አለ ከድር።

«ያደረግህ አላደረግህ የለውም። ታናሽ ነህ፤ አጠገቡ ነበርክ፤ ተቃቅራችኋል። መሸከም ያስከብርሃል እንጂ አያዋርድህም።»

ልጁ እምቢ አለ። አምርሮ እምቢ አለ። ያስማማሁት እኔ ነኝ። «ለኔ ስትል ከድርዬ» አልኩት። «ለኔ ብለህ። አምስት ደቂቃ ነው፤ የግርማ ሚስት ሰናይት ይቅር ብዬሃለሁ ትልህና ያልቃል።» ጋሪውን ገፍቶ ሄደ፤ ተመልሶ ሲመጣ «እሺ፣ ለርስዎ ስል» አለኝ። ድንጋዩንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። አርቭ ወንዝ ዳር ወርደን፣ ከበረዶ ውሃው ውስጥ እጄን ነክሬ፣ ትከሻውን እንዳይቆርጠው ልሙጥ፣ እንዳይከብደው መካከለኛ የሆነ ግራጫ ድንጋይ አወጣሁ። በገበያ ከረጢት ከትተን፣ የሕመምተኛ ጥየቃ ባዶ እጅ አይሆንምና ከላዩ ብርቱካን ደረደርንበት።

ሆስፒታል ስንደርስ ግርማ ጭንቅላቱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሚስቱ ሰናይት አጠገቡ ናት። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ከድር ብርቱካኑን አስቀመጠ፣ ድንጋዩን አውጥቶ ማጅራቱ ላይ ጫነ፣ አልጋው ሥር ተንበረከከ። ሰናይት ማልቀስ ስለጀመረች መናገር አልቻለችም። ልክ በዚያች ቅጽበት ነርሷ ገባች። ምን እንዳየች አስቡት፦ ጭንቅላቱ የተሰነጠቀ በሽተኛ፣ አጠገቡ ድንጋይ ወደ ላይ ያነሳ ወጣት። ጩኸቷ እስከ ሐይቁ ሳይሰማ አልቀረም። ሽማግሌዎቹ አሳንሰሩን ከየት እንዳገኙት አላውቅም፤ ዞር ስል የሉም። ከድር ግን አልተነቃነቀም። ባህሉን አሳምሮ ያውቃል፤ ድንጋይ የተሸከመ ሰው «ተነሳ» ካልተባለ አይነሳም። ሰናይት እያለቀሰች ናት፣ «ተነሳ» የሚለው የለም። እኔስ አፍ አልነበረኝም? ነበረኝ፣ ደርቆ ነው። ፖሊሶቹ ሲመጡ እንደተንበረከከ ነበር። ሲያስሩትም የሚያውቀውን ቃል ደጋገመላቸው፦ «ፓርዶን፣ ፓርዶን።» በወረቀት ላይ «አመነ» ተብሎ ገባ።

የፍርዱ ቀን ከስንት ወር በኋላ ደረሰ፤ ክሱ ግርማን ከደረጃ ገፈተረ የሚል ነበር። ያኔ በከባድ ወንጀል ላይ የሚፈርዱት ዡሪ የሚባሉ፣ ከየመንገዱ የተጠሩ ተራ ሰዎች ነበሩ። ያ ሥርዓት እዚህ ከቀረ ቆይቷል፤ አሁን የተማሩ ዳኞች ብቻ ናቸው። ይሻል እንደሁ እኔ እንጃ። ያኔ ግን አሮጌው ከተማ ዳገቱን ወጥቼ፣ የተወለወለ እንጨት ከሚሸተው አዳራሽ ገብቼ አሥራ ሁለቱን ተደርድረው ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። አንዱ እጁ የወይን ገበሬ እጅ ነው፤ አንዱ መነጽሩን እንደ ሰዓት ሠሪ ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። እነዚህማ የኛው ሽማግሌዎች ናቸው አልኩ፤ ሰው ያውቃሉ አልኩ። ከዚያ ከድርን ሲያስገቡት፣ የፊተኛው ረድፍ ዳር ላይ ያለችው ሴት መሬት ያኖረችውን ቦርሳ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። በሁለት ፖሊስ መሃል፣ እጁ ታስሮ ለሚያልፍ ልጅ! የዚያን ጊዜ ወገቤ ቁርጥ አለ።

እንዲያምርበት ብዬ ያለበስኩት ልብስም ጉድ አመጣ። ባለቤቱ ሳይወስደው ዓመት የተሰቀለ የዲፕሎማት ሙሉ ልብስ ነበር፤ የሱሪውን ጫፍ አሳጥሬ፣ ሸሚዙን በገዛ እጄ ተኩሼ በጠበቃው በኩል ላክሁለት። ዓቃቤ ሕጉ አየት አድርጎት «ተከሳሹ ገቢው አነስተኛ ነው ተብሎ ነበር» አለ፤ ከአሥራ ሁለቱ ሁለት ሦስቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቡትቶ ለብሶ ቢመጣ ደግሞ ሌላ ይሉት ነበር። ኮንሲየርዧ ቀርባ «ሁልጊዜ ይጮሃሉ፤ የዚያን ቀንም ሲጣሉ ሰምቻለሁ» አለች። ውሸት አልተናገረችም፤ የሰማችውን ነው። ግርማ ድኖ ቀርቦ ነበር፤ ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው እስከ ክትፎው ድረስ ነው። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ድንጋዬ ተቀምጧል። ኤግዚቢት ሆኖ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ቁጥር ተንጠልጥሎበት። የመረጥኩለት ልስላሴው ከሩቅ ይታያል።

ከመግባቴ በፊት ጋሽ ውብሸት በኮሪደሩ ጥግ ያዙኝና በለሆሳስ «አስካለ፣ ሽማግሌ አስገደደው እንዳትዪ» አሉኝ። «በፍርድ ቤታቸው ላይ ሌላ ፍርድ ቤት አቆሙ ይሉናል። ስንቱ ሰው ፔርሚ የሚጠብቅ አለ፣ ያንቺንም ጨምሮ። ገመናችንን አደባባይ አታውጪ።» እውነትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሚዬ፣ ለእድሳት ገብቶ ነበር። የመሃል ዳኛው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። ድንጋዩን በእጃቸው እያሳዩ፣ በትሕትና፣ «ማዳም፣ በእናንተ ባህል ይህንን የሚሸከም ሰው ማን ነው?» አሉኝ። እውነተኛው መልስ «ሽማግሌ ተሸከም ያለው ሁሉ፤ ያጠፋም ያላጠፋም፤ ይሄንን ልጅ ያሸከምኩት እኔ ነኝ» ነበር። አሥራ ሁለቱም ያዩኛል። ጋሽ ውብሸት ከኋላ ወንበር ያዩኛል። ከድር ግን ድኛለሁ ብሎ ፈገግ ብሎልኛል።

«የበደለ ሰው ነው የሚሸከመው» አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አስተርጓሚው ለከድር በሹክሹክታ ሲነግረው አየሁት፤ ከድር በአማርኛ እንደገና ይተርጉምልኝ እንደሚል ሰው ዘወር ብሎ አየኝ። ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ሲያስወጡት በአጠገቤ አለፈና አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ፔርሚዬ ታደሰ። በየወሩ ሸሚዝ እየተኮስኩ እስር ቤት እወስድለት ነበር። ስለ ሥራ ቤቱ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ አዲስ ካሴት እናወራለን፤ ስለዚያች ዓረፍተ ነገር አናወራም። ተፈትቶ ዙሪክ ገባ፣ ጀርመንኛ ለመደ፣ አገባ። ከስንት ዘመን በኋላ የያኔዋ ሙሽራ የመልሷን የቪዲዮ ክር ወደ ኮምፒዩተር ስታስገለብጥ፣ ከጭፈራው ጀርባ፣ እስከዚያ ማንም ልብ ያላለው በር ወለል ብሎ ይታያል፤ ግርማ ወደ ኋላው እስክስታ እየመታ ደረጃውን ሲስት፣ ከድር ሊይዘው እጁን ሲወረውር። ሙሽራዋ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ጉዳዩ እንደገና ታየና ከድር ነጻ ነው የሚል ወረቀት መጣለት። ጋሽ ውብሸት ይሄንን ሳያዩ ሞተዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከድር ዛሬ ትራም ሹፌር ነው። ለፋሲካ ይደውልልኛል፣ ለኢድ እደውልለታለሁ። የቪዲዮው ነገር እንኳ ሲነሳ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወሬ ይቀይራል። እኔም ይቅር በለኝ ሳልል ፀጉሬ ሸበተ። ይቅር አልልም ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ፤ እውነቱ ይሄው ነው።

እንግዲህ ቨርሷ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ፣ ያቺ ባለ ቦርሳ አጠገቤ ናት። ስሟ ኦዴት ነው። ካሩዥ ውስጥ ዳቦ ቤት ነበራት፤ የልጁን ነጻ መውጣት ከጋዜጣ አንብባለች።

«በየትኛው በኩል ድምፅ እንደሰጠሁ ልነግርዎ አልችልም» አለችኝ። «ምያለሁ። ባሌ እንኳ ሳያውቀው ነው የሞተው።»

«አልጠየቅኩዎትም» አልኳት ቆጣ ብዬ። ቦርሳዋን አልረሳሁላትም።

ፊቷን ወደ ሐይቁ መለሰች። «ያንን ድንጋይ ግን አስባለሁ። ዱቄት ሳቦካ አስበው ነበር። የበደለ ሰው ነው የሚሸከመው አሉን እርስዎ።»

በዚህ ጊዜ እንባዬ መጣ። በሰባ ዓመቴ፣ ለማላውቃት ሴት፣ ለገዛ ወንድሜ ያልነገርኩትን ተናገርኩ። «ዋሽቻችሁ ነው» አልኳት። «ያላጠፋም ይሸከማል። ሽማግሌ ካዘዘ፣ ለሰላም ሲባል፣ ለሚወዱት ሰው ሲባል ይሸከማል። ድንጋዩ ማን እንዳጠፋ አይናገርም። ያሸከምኩት እኔ ነበርኩ፤ ፈርቼ ነው።»

ኦዴት ወደኔ ዞረች። «እንዲህ ከሆነ» አለች ቃላቱን እየመዘነች፣ «አንድ ሰው ቢሸከም ምን እንዳደረገ አይታወቅበትም?»

«አይታወቅበትም።»

«ርግጠኛ ነዎት?»

«ርግጠኛ ነኝ።»

ተነሳች። ቦርሳዋን አፉ እንደተከፈተ አጠገቤ፣ ወንበሩ ላይ ትታው በከዘራዋ እየተንፏቀቀች ወደ ውሃው ወረደች። ምን ልታደርግ ነው ስል፣ ጎንበስ ብላ አንድ ድንጋይ አነሳች፣ ሁለት ጊዜ አምልጧት በሦስተኛው ትከሻዋ ላይ አደረገችው። ያቺ የሰማንያ ዓመት አሮጊት፣ የሐይቁ ነፋስ ኮቷን እያውለበለበው፣ ድንጋይ ተሸክማ ቆመች። «አሁን ማንን ነው የምጠይቀው?» አለችኝ።

እኔ ይቅር ልላት አልችልም፤ የተበደልኩት እኔ አይደለሁማ። ስልኬን አውጥቼ ዙሪክ ደወልኩ። ከድር እረፍት ላይ ነበር፤ ከጀርባው የትራም ደወል ይሰማል። የሆነውን ነገርኩት።

«አሮጊት ናት አሉኝ?» አለ።

«በጣም።»

«ታዲያ ምን ያቆማታል እትዬ! ይቅር ብያለሁ በሏት፤ ታውርደው፣ ትከሻዋን ያማታል።»

ነገርኳት። አወረደችው፤ ወንበሩ ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ መተንፈስ ያልቻለችው ከክብደቱ ብቻ አልነበረም። እኔም ስልኩን ሳልዘጋ ያችኑ ድንጋይ ሄጄ አነሳሁ። «ከድር» አልኩት፣ «አሁን ደግሞ እኔ ተሸክሜያለሁ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

የትራሙ ደወል ሁለቴ ጮኸ። ስልኩን የሚዘጋብኝ መስሎኝ ነበር።

«ለርስዎ በስልክ አይሆንም» አለኝ ከድር። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። «ስንት ዓመት እንደጠበቅሁ ያውቃሉ? ይዘውት ይምጡ።»

ቅዳሜ ጠዋት በባቡር ሄድኩ። ድንጋዩን በገበያ ከረጢት ከትቼ፣ ባዶ እጅ አይኬድምና ከላዩ ብርቱካን ደረደርኩ። ሦስት ሰዓት ገደማ መንገድ ነው፤ የወይን ተክሉ አለፈ፣ ላሞቹ አለፉ፤ እኔ የማስበው ያንን ጋሪ፣ ያንን እንፋሎት፣ በጾም የሚደፋልኝን የቡናዬን ወተት ነበር። ዙሪክ ጣቢያ ስወርድ ከድር የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ልጁን ሃያትን ይዞ ይጠብቀኛል። ፀጉሩ ገብስማ ሆኗል። ቦርጭ አውጥቷል። ሸሚዙ አልተተኮሰም። ከረጢቱን ከፍቼ፣ ብርቱካኑን ለልጅቷ ሰጥቼ፣ ያ ሁሉ ሻንጣ የሚጎትት ሰው በሚተራመስበት መሃል ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ ጫንኩና በዚያ በሽተኛ ጉልበቴ ተንበረከክሁ።

«አባዬ፣ ዋሩም ድንጋይ?» አለች ሃያት ጀርመንኛዋንና አማርኛዋን ደባልቃ፤ ለምን ድንጋይ ማለቷ ነው።

«እትዬ ይተዉ!» አለ ከድር ዙሪያውን እያየ። «ጣቢያ ውስጥ ድንጋይ አንስተው ፖሊስ ሊያስጠሩብኝ ነው? አንዴ ታስሬያለሁ፣ ይበቃኛል!» ሊስቅ ነበር የጀመረው፤ መሃሉ ላይ ሳቁ ተበላሸበትና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«ስለዋሸሁብህ» አልኩት መሬት መሬት እያየሁ። «ፈርቼ ነው። ይቅር በለኝ።»

ጫማው ብቻ ይታየኛል። ሰዎች ቆም ቆም ማለት ጀመሩ፤ አንዱ በጀርመንኛ የሆነ ነገር ጠየቀ፣ ከድር መለሰለት። ጉልበቴ ይነዳል። ቢሆንም ባህሉን አሳምሬ አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል። በመጨረሻ ሁለት እጆቹ ከማጅራቴ ላይ ድንጋዩን ሲያነሱት ተሰማኝ።

«ተነሱ እትዬ አስካለ» አለኝ።

ተነሳሁ።